የጎሚስታ ኮምፕሬሰር መቼ ይጠገናል፣ መቼ ይቀየራል? ደረጃ በደረጃ መመርመሪያ

ሰው ወደ ሱቄ ሲመጣ የሚለው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ኮምፕሬሰሬ አርጅቷል፤ ልቀይረው ነው።» ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር የተቀመጠ ጎሚስታ ከጅቡቲ ጭኖ ለሚመጣ ተሳቢ ጎማ 8 ባር አየር መስጠት አለበት። ጌጁ 6 ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ሲል አዲስ መግዛት ብቻ ይታየዋል። ይገዛል። አሮጌውን በኋላ ስፈታው ችግሩ የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል የቫልቭ ቅጠል ላይ የተጋገረ ጥቀርሻ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ታንኩ ከሥሩ ዝጎ የሳሳ ኮምፕሬሰር፣ ፓምፑ በደንብ ስለሚሞላ ብቻ «ገና ነው፣ ይሠራል» ተብሎ ጎማ ከሚጠግነው ልጅ አጠገብ ይቀመጣል።

ሁለቱም ስህተቶች የሚመጡት ኮምፕሬሰርን እንደ አንድ ዕቃ ከማየት ነው። ኮምፕሬሰር ሦስት ዕቃ ነው፦ ታንኩ፣ አየሩን የሚጨምቀው ፓምፕ፣ እና ሞተሩ። ሦስቱ በአንድ ቀን አያረጁም። ስለዚህ «አርጅቷል ወይስ አላረጀም» ብለው አይጠይቁ፤ «ያረጀው የትኛው ነው» ብለው ይጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በቺንጋ (በቀበቶ) ለሚዞር፣ ዘይት ላለው ባለ ፒስተን ኮምፕሬሰር ነው። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ፤ መጀመሪያ የሚመረመረው ሰው የሚገድለው ክፍል ነው፣ በመጨረሻ የሚፈታው ደግሞ ገንዘብ የሚበላው።

## ከመጀመርዎ በፊት ያዘጋጁ

ሰዓት (የስልክዎ ይበቃል)፣ በውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ሳሙናና የቀለም ብሩሽ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መዶሻ፣ ነጭ ወረቀት፣ ቴስተር፣ የቁልፍ ስብስብ፣ ደብተር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትክክል መሆኑን የሚያውቁት ሌላ ጌጅ ያግኙ። ኮምፕሬሰሩ ላይ የተገጠመው ጌጅ በዓመታት ንዝረት ይዋሻል፤ ባዶ ታንክ ላይ 1 ባር የሚያሳይ ጌጅ ይዘው የሚለኩት ሁሉ ከንቱ ነው።

አንድ ሙሉ ጠዋት ይመድቡለት። መኪና ወረፋ ይዞ እየጠበቀ የሚደረግ ምርመራ ሁልጊዜ «ፓምፑ ነው» በሚል ያልቃል።

## ደረጃ 1፦ አጥፉ፣ አስተንፍሱ፣ አቀዝቅዙ

1. ማብሪያውን ያጥፉ። ከዚያ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ወይም ብሬከሩን አውርደው ማንም እንዳይመልሰው ያድርጉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ በራሱ የተነሳ ኮምፕሬሰር ጣት ወስዷል።
2. ታንኩን ሙሉ በሙሉ ያስተንፍሱ። ጌጁ 0 ስላለ አይመኑት፤ ከሥር ያለውን የውሃ መውጫ ከፍተው ድምፁ እስኪጠፋ ይጠብቁ።
3. ቴስታታው (የፓምፑ ራስ) እና ወደ ታንክ የሚወርደው የመዳብ ቱቦ እስኪቀዘቅዙ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይታገሱ።

## ደረጃ 2፦ ታንኩ

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ፓምፕ ሲያልቅ ሥራ ያስፈታል። ታንክ ሲያልቅ ግን ይፈነዳል።

ውሃውን ይዩ። ከሥር የሚወጣውን በነጭ ሳህን ይቀበሉ። ጥርት ያለ ውሃ ወይም ትንሽ ዘይት የተቀላቀለበት ወተት መሳይ ውሃ የተለመደ ነው፤ አየር ሲጨመቅ እርጥበቱን ይጥላል፣ በክረምት ደግሞ ይበዛል። ቡናማ ውሃ ታንኩ ከውስጥ መዛግ መጀመሩን ይናገራል። ከውሃው ጋር የዝገት ቅርፊት ከወረደ ብረቱ በንብርብር እየተላጠ ነው፤ ያን ታንክ ከዚያ ቀን በኋላ አየር አይሙሉበት።

የውሃ መውጫው ዝጎ አልከፈት ካለስ? ይህ ራሱ መልስ ነው። ለዓመታት አልተከፈተም ማለት ነው፣ ውሃው ሁሉ እዚያው ተኝቷል ማለት ነው። በጉልበት ሲያዞሩ ከነአንገቱ ከተገነጠለ አይዘኑ፤ 8 ባር ላይ ሳለ ከሚገነጠል ባዶ ሳለ መገንጠሉ ይሻላል።

ከሥር ይግቡ። ካርቶን አንጥፈው ይተኙና በባትሪ ያብሩ። የሚያዩት ሦስት ቦታ ነው፦ የውሃ መውጫው ዙሪያ፣ እግሮቹ የተበየዱበት ቦታ፣ ጫፍና ጫፉ ከመሀሉ ጋር የተበየደበት መስመር። ቀለሙ አረፋ መስሎ ካበጠ በካቻቢቴ ጫፍ ይፋቁት። ሥሩ ያለው ዝገት ጎድጎድ ብሎ ከገባ ታንኩ አበቃ። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ታንክ ካጋጠመዎት ደግሞ ይበልጥ ይጠራጠሩ፤ ማንም ሰው ጎሚስታ ቤት ላለ ታንክ ለውበት ብሎ ቀለም አይቀባም።

ባዶውን ቀስ ብለው ይምቱት። በትንሽ መዶሻ ከላይ ወደ ታች እየነኩ ይውረዱ። ከላይ እንደ ደወል ጮሆ ከሥር ድፍን ድምፅ ካሰማ ውሃ ቀርቷል ወይም ብረቱ ሳስቷል። ውሃውን አውጥተው ይድገሙት። ይህ ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ጥሩ ድምፅ ስለሰሙ ብቻ ታንኩን አያጽድቁት።

ሴፍቲ ቫልቩን (ግፊት ሲበዛ በራሱ የሚያስተነፍሰውን) ይፈትኑ። ታንኩ ከላይ ያለውን ምርመራ ሁሉ ካለፈ ብቻ ወደ 7 ባር ሞልተው፣ ፊትዎን መልሰው፣ ቀለበቱን ይሳቡ። በኃይል መተንፈስ፣ ሲለቁትም ጥርቅም ብሎ መዝጋት አለበት። ካልተነፈሰ ወይም ካልዘጋ አውጥተው ይጣሉት፤ አይጠገንም። ሲገዙም ታንኩ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት በማይበልጥ የሚከፈተውን ይግዙ። «አየር ያባክናል» ተብሎ በቦታው ቡሎን የታሰረበት ኮምፕሬሰር በዓይኔ አይቻለሁ። ጠግኜ አልሰጠሁም፤ ባለቤቱን ያስቀየምኩት ግን እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

ማስጠንቀቂያ፦ ታንክ አይበየድም። ትንሽ ቀዳዳ አግኝተው «እዚህች ላይ ብቻ ነጥብ ያድርጉልኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ቀዳዳው የወጣበት ቦታ ዙሪያው ሁሉ የሳሳ ነው። ብየዳው የያዘው የሳሳውን ከሳሳ ጋር ነው፣ ሙቀቱም የቀረውን ያዳክመዋል። ማስቲካ፣ ሙጫ፣ ጎማ በክላምፕ ማሰርም ያው ነው። የተበሳ ታንክ ይቀየራል።

ስለ ታንኩ ከተጠራጠሩ የሚያስፈትኑት በውሃ ነው፦ አየር ሳይቀር በውሃ ጢም አድርገው ሞልተው፣ በእጅ ፓምፕ የሥራ ግፊቱን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል መስጠት። ውሃ ስለማይታመቅ ታንኩ ቢሰነጠቅ ይረጫል እንጂ አይፈነዳም። በአየር ከፍ አድርጎ «እስቲ ይችል እንደሆነ» ማለት ግን ምርመራ አይደለም።

## ደረጃ 3፦ አየሩ በየት ይወጣል?

ፓምፑ ጥሩ ሆኖ የሚያፈስ ኮምፕሬሰር ያረጀ ይመስላል።

1. እስከ 8 ባር ይሙሉና ያጥፉ። ከታንኩ ወደ ቱቦ የሚወስደውን መዝጊያ ይዝጉ።
2. 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ትኩስ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ትንሽ ስለሚወርድ ይህን አይቁጠሩት።
3. ጌጁን ይጻፉ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይጻፉ። የሩብ ባር ያህል ቢወርድ ይለፉት። ከዚያ በላይ ከሆነ ሳሙናውን በብሩሽ በየመገጣጠሚያው ይቀቡ፤ አረፋው ይነግርዎታል።
4. አሁን መዝጊያውን ከፍተው ቱቦዎቹ ተገናኝተው ይድገሙት። ብዙ ጊዜ ሌባው እዚህ ነው፦ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የላላ ክላምፕ፣ የማይዘጋ የመንፊያ አፍ።

ሒሳቡን ይወቁት፦ 200 ሊትር ታንክ በ10 ደቂቃ 1 ባር ከጣለ በደቂቃ 20 ሊትር እያፈሰሰ ነው። በደቂቃ 200 ሊትር ለሚሰጥ ፓምፕ የልፋቱ አንድ አሥረኛ ነው።

ሞተሩ ካጠፋ በኋላ በማብሪያው ሳጥን ሥር ያለችው ቀጭን ቱቦ «ፍስስ» ብላ በሁለት ሦስት ሴኮንድ ማቆም አለባት። ካላቆመች ቼክ ቫልቩ፣ ማለትም የገባው አየር ወደ ፓምፑ እንዳይመለስ የሚዘጋው፣ በደንብ አልዘጋም። ታንኩን ባዶ አድርገው ይፍቱት። ውስጡ ካለው መቀመጫ ላይ ጥቀርሻውን ይጥረጉ፣ ጎማው ከተበላ ይቀይሩ። ታንኩ አየር እያለው ቼክ ቫልቩን አይፍቱ፤ እንደ ጥይት ይወጣል።

በሳሙናው ጊዜ አረፋው ከመገጣጠሚያ ሳይሆን ከታንኩ አካል ከወጣ ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ። መልሱን ያውቁታል።

## ደረጃ 4፦ መብራቱና ሞተሩ

«ሞተሩ ያጉረመርማል፣ አይነሳም» ለሚል ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ታንኩ ውስጥ አየር አለ ወይ ብዬ ነው። ባዶ ሲሆን ተነስቶ ሲሞላ አልነሳ ካለ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም፤ ከላይ የጠቀስናት ቀጭን ቱቦ በፓምፑ ራስ ላይ የቀረውን አየር አላስተነፈሰችም፣ ሞተሩም የታፈነ ፒስተን ሊገፋ ይታገላል።

ባዶ ሳለም የሚያጉረመርም ከሆነ፦

- ቮልቴጁን ሲነሳ ይለኩ። ሳይነሳ 220 ያሳየ መስመር ሲነሳ 180 ሊወርድ ይችላል። እየሠራ ከ198 በታች የሚቆይ ከሆነ ሞተሩ ይግላል፣ ውሎ አድሮ ይቃጠላል። የረዘመና የቀጠነ ገመድ ብዙ ሞተር ገድሏል፤ ገመዱን ያሳጥሩ፣ የአየር ቱቦውን ያስረዝሙ።
- ካፓሲተሩን (ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳውን) ያስለኩ። ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ላይ በቀላሉ የሚሞተው እሱ ነው፣ ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸርም ዋጋው ኢምንት ነው። መብራት ከጠፋ በኋላም ኃይል ይዞ ይቆያልና በባዶ እጅ አይንኩት።
- ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ በእያንዳንዱ ፌዝ መካከል 380 ገደማ መኖሩን ያረጋግጡ። አንዱ ከጎደለ ወዲያውኑ ያጥፉ።
- ቺንጋውን ይጫኑ። በአውራ ጣት መሀሉን ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ቢገባ ይበቃል። ሥሩ ጥቁር ዱቄት ካለ እየተንሸራተተ ነው፤ ፓምፑ የደከመ የሚመስለው ስለማይዞር ነው።

ሞተሩ ተቃጥሎ ከሆነ ሽቦው እንደ አዲስ ይጠቀለላል፤ ለሱ ብሎ ኮምፕሬሰር መቀየር አያስፈልግም። ተጠቅልሎ የመጣ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሲገጠም ግን አዟዟሩን ይዩ። የትልቁ መዘውር ክንፎች አየር ወደ ሲሊንደሩ መንፋት አለባቸው። ሁለት ሽቦ ተቀያይሮ ወደ ኋላ ከዞረ ግፊቱ ያው ይሞላል፣ ማንም አይጠራጠርም፤ ፓምፑ ግን ሳይቀዘቅዝ እየተቀቀለ በጥቂት ጊዜ ያልቃል።

## ደረጃ 5፦ በሰዓት ይለኩ

«ደክሟል» የሚለው ቃል በጆሮ አይለካም። የአየር ማጣሪያውን ፈትተው ያጽዱ ወይም ይቀይሩ፣ ከዚያ፦

1. አንድ ጊዜ ሞልቶ እስኪያጠፋ ያሙቁት፣ መልሰው ያስተንፍሱ።
2. ሁሉንም መዝጊያ ዘግተው ያስነሱ። ጌጁ 4 ባር ሲነካ ሰዓቱን ያስጀምሩ፣ 8 ሲነካ ያቁሙ።
3. የታንኩን ሊትር በ4 ያባዙ፣ በፈጀው ደቂቃ ያካፍሉ። ፓምፑ በደቂቃ የሚሰጠው ሊትር ያ ነው።

ለምሳሌ 200 ሊትር ታንክ በ4 ደቂቃ ከሞላ 800 ለ4 ሲካፈል 200 ሊትር በደቂቃ ነው። ያው ኮምፕሬሰር ከዓመታት በኋላ 6 ደቂቃ ከፈጀበት 133 ደርሷል፤ ሲሶውን አጥቷል።

አሁን ይህን ቁጥር ከምን ጋር ያነጻጽሩታል? አዲስ ሳለ የጻፉት ካለ ከእሱ ጋር ብቻ። ከሌለዎት ሳህኑ (ኮምፕሬሰሩ ላይ የተለጠፈው የመግለጫ ብረት) ላይ የተጻፈውን ይመልከቱ፣ ግን ሁለት ነገር ይቀንሱለት።

አንደኛ፣ በርካሽ ኮምፕሬሰሮች ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ፒስተኑ የሚስበው እንጂ የሚሰጠው አይደለም። የሚሰጠው ከዚያ ከ60 እስከ 70 በመቶው ነው። ሁለተኛው እኛ ወሎ ላይ ሰው የሚረሳው ነው፦ ከፍታ። ሳህኑ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ አየር ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ኮምቦልቻ ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ፣ ደሴ ላይ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፒስተኑ ያንኑ ያህል ይጎርሳል፣ ጉርሻው ግን ቀላል ነው። ስለዚህ ጠረፍ ላይ በ10 ደቂቃ የሚሞላ ታንክ ኮምቦልቻ 12 ተኩል፣ ደሴ ከ13 በላይ ይፈጃል፤ ምንም ሳይበላሽ።

አንድ ደንበኛዬ ኮምቦልቻ ላይ ለዓመታት የሠራበትን ኮምፕሬሰር የሐረጎን ዳገት አሻግሮ ደሴ ወሰደውና በሳምንቱ ደወለ፦ «ጭነው ሲያወጡት ጎድተውብኛል፤ 10 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው 11 እየፈጀ ነው።» «አብሽር፣ የጎዳው የለም፤ ዳገቱ ነው» አልኩት። ሰዓት መያዙ ግን አስደሰተኝ።

ሳህኑ ላይ 360 ሊትር የተጻፈበት አዲስ ኮምፕሬሰር ደሴ ላይ ከ160 እስከ 190 ቢሰጥ ጤነኛ ነው። ከዚያ ከፍተኛ ልዩነት ካለ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ከነጭራሹ 8 ካልደረሰና የአየር መፍሰስ ከሌለም እንዲሁ።

## ደረጃ 6፦ ቫልቭ ነው ወይስ ፋሻ?

ቫልቭ በግማሽ ቀን ይጠገናል። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ሲሊንደር ሲበሉ ግን ወጪው ሌላ ነው። ሳይፈቱ በሦስት ምልክት ይለዩዋቸው።

መሳቢያውን ይዳስሱ። ማጣሪያውን አውልቀው እየሠራ መዳፍዎን በመሳቢያው ፊት ያቅርቡ፣ አይግጠሙት። መሳብ ብቻ ነው ያለበት። «ፑፍ ፑፍ» እያለ እጅዎ ላይ ከተፋ የመሳቢያው ቫልቭ አይዘጋም ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መሀል የሚገባው ማሸጊያ) በመሀል ተበልቷል።

የዘይት መሙያውን ይዳስሱ። በክዳኑ መተንፈሻ በኩል ቀለል ያለ ትንፋሽ የተለመደ ነው። እንደ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት በኃይል ከወጣ አየሩ በፒስተኑ ጎን ወደ ታች እያመለጠ ነው፤ ፋሻ ነው።

ወረቀት ያስነፉ። ነጭ ወረቀት ከቱቦው አፍ አንድ ክንድ ያህል አርቀው ለጥቂት ሴኮንድ ይንፉበት። የውሃ ጠብታ ይደርቃል። ቢጫ የዘይት ነጠብጣብ ከቀረ፣ በዚያ ላይ በየሳምንቱ ዘይት የሚጨምሩ ከሆነ ፋሻው ዘይቱን እያሳለፈ ነው።

### ቫልቭ ከሆነ

ቡሎኖቹን በሰያፍ፣ በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ያላሉ። ከማንሳትዎ በፊት የቫልቭ ሳህኑን አቀማመጥ በስልክ ያንሱት፤ ተገልብጦ የተገጠመ ሳህን አየር አይሰጥም፣ ሰውየውም «ጭራሽ ገደልኩት» ብሎ ይደነግጣል። ጥቀርሻውን በእንጨት ወይም በመዳብ ይፋቁ እንጂ በካቻቢቴ አይጫሩት። ቅጠሉን በብርሃን ፊት ይዩት፤ ጸጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች ይቀየራል።

ጓርኒሲዮኑን ከገበያ ካጡ እዚሁ መቁረጥ ይቻላል፣ ውፍረቱ ግን የድሮውን ያህል ይሁን። የወፈረ ከሆነ ፒስተኑ ከላይ አየር አስቀርቶ ስለሚመለስ ኃይል ይቀንሳል። የሳሳ ከሆነ ፒስተኑ ሳህኑን ይመታዋል። ሲመልሱ በሰያፍ በሦስት ዙር ያጥብቁ፣ አሙቀው አቀዝቅዘው አንድ ጊዜ ይድገሙት። ከዚያ ወደ ደረጃ 5 ተመልሰው በሰዓት ይለኩ።

ጥቀርሻው በወራት ውስጥ ተመልሶ ከመጣ ዘይቱን ይመርመሩ። የመኪና ሞተር ዘይት እዚህ ይቃጠላል፤ ለኮምፕሬሰር የተሠራውን፣ ብዙ ጊዜ ቁጥር 100 የሆነውን፣ ይጠቀሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ይጠበው» ብለው ቤንዚን ወይም ናፍጣ በመሳቢያው በኩል የሚያጠጡ አሉ። የተጨመቀና የጋለ አየር ውስጥ ነዳጅ ማስገባት ቦምብ መሥራት ነው። በጭራሽ አያድርጉት።

### ፋሻ ከሆነ

ሲሊንደሩን አንስተው ውስጡን በጥፍርዎ ይዳስሱ። ለስላሳ ከሆነ ፋሻ ብቻ ይቀይሩ። ጥፍርዎ የሚይዝበት ጭረት ካለ አዲስ ፋሻ ማስገባት ገንዘብ መበተን ነው፤ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስፋትና ትልቅ ፒስተን ማግኘት ያስፈልጋል። ፒስተኑን አስቀድመው ሳያገኙ ሲሊንደሩን አያስፉ። የሰፋ ሲሊንደር ያለ ፒስተኑ አመድ መያዣ ነው።

## ደረጃ 7፦ የሚያንኳኳ ከሆነ

ዘይቱን አውጥተው በእጅ ባትሪ ይዩ። እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለበት ኩሽኔታ ወይም የቢየላው (ፒስተኑን የሚገፋው ክንድ) መያዣ እየተበላ ነው። ይህን ይዞ መሥራት ቢየላው ተበጥሶ ሳጥኑን እስኪሰብር መጠበቅ ነው።

ብናኝ ከሌለ ግን ከመፍታትዎ በፊት መዘውሩን ይያዙ። ይህን የምለው ተዋርጄበት ነው። አንድ ክረምት ከሐይቅ ከተማ የመጣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ያንኳኳ ነበር። ቢየላ ነው ብዬ ከጠዋት እስከ ማታ ፈታሁት፤ ሁሉም ደኅና። መለስኩት፤ ያንኳኳል። ደግሜ ልፈታ ቁልፍ ሳነሳ፣ መጥረጊያ ይዞ የቆመው ተለማማጄ ትልቁን መዘውር በሁለት እጁ ያዘና ግራ ቀኝ ነቀነቀው። «ጋሼ፣ ይህ ነገር ይንቀሳቀሳል» አለኝ። የመዘውሩ ማሰሪያ ዳዶ ላልቶ ኖሯል። ግማሽ ዙር አጠበቅኩት፤ ዝም አለ። የላላ መዘውር ልክ እንደ ተበላ ቢየላ ያንኳኳል፣ እና ማንም መጀመሪያ አያየውም።

## ደረጃ 8፦ ውሳኔው

ታንኩ ከወደቀ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ታንኩ ይወገዳል። ፓምፑና ሞተሩ ጤነኛ ከሆኑ ለሌላ ጤነኛ ታንክ ይተላለፋሉ።

ታንኩ ደኅና ሆኖ ፓምፑ ብቻ ካለቀ ፓምፑን ብቻ ይግዙ። ሲገዙ የመዘውሩን ስፋትና የሚዞርበትን ፍጥነት ከሞተርዎ ጉልበት ጋር ያገናዝቡ፤ ለደካማ ሞተር ትልቅ ፓምፕ መስቀል ሞተሩን በወሩ ያስጠቀልላል።

ቫልቭ ተጠርጎ፣ መፍሰስ ተዘግቶ፣ ቺንጋ ጠብቆ አሁንም አዲስ ሳለ ከፈጀው አንድ ተኩል እጥፍ የሚፈጅ ከሆነ ፓምፑ አልቋል። የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ እኔ አልጠግንም። ዕቃው እዚህ የማይገኝ ከሆነ ግማሽም ሳይደርስ እተወዋለሁ፤ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚቆመው ሥራም ዋጋ ነው።

ሁለት ሦስት ቸርኬ ብቻ የሚነፋ ትንሽ ጎሚስታ ከሆኑ ደግሞ በዝግታ የሚሞላ ፓምፕ ይዘው ለመቆየት አይፈሩ። ሲሶውን ያጣ ፓምፕ ከጤነኛ ታንክ ጋር ማንንም አይጎዳም።

## ደረጃ 9፦ አዲስ ወይም ያገለገለ ሲገዙ

ያገለገለ ከሆነ ቀዝቅዞ ይጠብቅዎት። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ሞልቶ ከጠበቀዎት አስተንፍሰው ከዜሮ በራስዎ ሰዓት ያስሞሉት። ከሥሩ ይግቡ። የታንኩ ሳህን ከተነቀለ ወይም ጽሑፉ ከተፋቀ ይተዉት።

ቤትዎ ሲያደርሱት በቆርቆሮ ጓዳ ውስጥ አይዝጉበት፤ ባቲና ኮምቦልቻ በበጋ ቆርቆሮ ሥር ያለው ግለት ፓምፕ ያቃጥላል፣ በከፍታችን የሳሳው አየርም የማቀዝቀዝ አቅሙ ያነሰ ነው። የመዘውሩን ጎን ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ክንድ ያርቁ። የመጀመሪያውን ዘይት ከ50 ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀይሩ። ማታ ማታ ሲዘጉ ውሃውን ያውጡ።

በመጀመሪያው ቀን ደረጃ 5ን ይሥሩና ውጤቱን ግድግዳው ላይ በቀለም ይጻፉት፦ ቀኑን፣ ከ4 እስከ 8 የፈጀውን ደቂቃ። ደብተር ይጠፋል።

## ደረጃ 10፦ የተወገደውን ታንክ ይብሱት

ባዶ አድርገው፣ መውጫዎቹን ሁሉ ፈትተው፣ በመሰርሰሪያ ሦስት አራት ቦታ ትልልቅ ቀዳዳ ያውጡበት። ከዚያ በኋላ ነው ለአሮጌ ብረት የሚሸጠው።

እኔ አንዱን ሳልበሳ ሸጬ ነበር፤ ከሥሩ የሳሳ፣ አንድ እግሩ ተጣሞ የተበየደ ታንክ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከመርሳ የመጣ ሰው «ፓምፑ ያንኳኳል፣ እየው እስቲ» ብሎ አረንጓዴ የተቀባ ኮምፕሬሰር ከአይሱዙ አወረደ። ጎንበስ ብዬ ሥሩን ሳይ ያችው የተጣመመች እግር ናት።